23 ዓመት የገደለው ሐኪም፦ ሃሮልድ ሺፕማን ለምን ሳይያዝ ቆየ? እንዴትስ ተያዘ?

መርማሪ አንባቢ (የክሩ ጀማሪ)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። ነፍሰ ገዳይ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጨለማን ተገን አድርጎ መንገድ ላይ የሚያደባ ሰው ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን በጠራራ ፀሐይ በር አንኳኩቶ የሚገባ፣ «ዶክተሩ መጡልኝ» ተብሎ ሻይ የሚፈላለትን ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሃሮልድ ፍሬደሪክ ሺፕማን ጃንዋሪ 14 ቀን 1946 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ተወለደ። እናቱ በሳንባ ካንሰር ታመው አልጋ በያዙ ጊዜ ሐኪም ቤታቸው ድረስ እየመጣ ሕመማቸውን ለማስታገስ ሞርፊን ይወጋቸው ነበር። ጁን 21 ቀን 1963 ሲያርፉ ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በሊድስ ሕክምና ተማረ፤ ገና ተማሪ ሳለ ትዳር ያዘ፣ ከጊዜ በኋላም የአራት ልጆች አባት ሆነ፤ በ1970 ተመርቆ በፖንቲፍራክት ሆስፒታል ሥራ ጀመረ፤ በ1974 ደግሞ ቶድመርደን በምትባል ትንሽ ከተማ የቤተሰብ ሐኪም ሆነ።

በቶድመርደን ብዙም ሳይቆይ ራሱን መሳት ጀመረ። የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ባልደረቦቹን አሳመነ። እውነቱ የወጣው የፋርማሲው የአደገኛ መድኃኒቶች መዝገብ ሲታይ ነው፤ ሺፕማን በታካሚዎቹና በክሊኒኩ ስም ፔቲዲን የተባለ ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ በብዛት እያወጣ ራሱን ይወጋ ኖሯል። በፌብሩዋሪ 1976 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለና 600 ፓውንድ ተቀጣ። ሐኪሞችን የሚቆጣጠረው ጠቅላይ የሕክምና ምክር ቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎለት ፈቃዱን ሳይነካ ተወው። በ1977 ከማንቸስተር በስተምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ሃይድ ሄዶ ዶኒብሩክ በተባለው ክሊኒክ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር መሥራት ጀመረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ከእነርሱ ተለይቶ በዚያው ከተማ ማርኬት ስትሪት ላይ የብቻውን ክሊኒክ ከፈተ። ሦስት ሺህ ያህል ታካሚ ነበረው፤ እርሱ ዘንድ ለመመዝገብ ወረፋ የሚጠብቅም ሞልቶ ነበር።

ከእስሩ በኋላ በዳኛ ዴም ጃኔት ስሚዝ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ሺፕማን 215 ታካሚዎችን መግደሉን አረጋገጠ፤ ከእነዚህም 171ዱ ሴቶች፣ 44ቱ ወንዶች ናቸው። ሌሎች 45 ሞቶች ላይ ደግሞ ጽኑ ጥርጣሬ እንዳለው ገለጸ። የመጨረሻው ሪፖርት በ2005 ሲወጣ የፖንቲፍራክት ዘመኑ ተጨምሮ አጠቃላይ ቁጥሩ 250 ገደማ እንደሚደርስ ተገመተ። ኮሚሽኑ ካረጋገጣቸው ግድያዎች የመጀመሪያው በማርች 1975፣ ማለትም የፔቲዲኑ ነገር ከመጋለጡ በፊት፣ የመጨረሻው በጁን 1998 የተፈጸሙ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሆነው ሐኪም፣ ፋርማሲ፣ ፖሊስ፣ የሞት መዝጋቢና የአስከሬን ማቃጠያ ተቋም እያንዳንዳቸው ወረቀት በሚፈርሙበት አገር ነው። እኔ የማምነው ሺፕማንን ከእነዚህ ፈራሚዎች አንዳቸውም እንዳልያዙት፣ ያስያዘውም የራሱ ስግብግብነት እንደሆነ ነው። የእናንተን ሐሳብ ለመስማት እሻለሁ።

ሲስተር ዘ.

ወንድሜ፣ ክሩን ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። ነርስ እንደመሆኔ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ከ1976 በኋላ ሺፕማን አደገኛ መድኃኒት ክሊኒኩ ውስጥ እንደማያስቀምጥ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ መዝገብም አልነበረውም፤ መዝገብ ከሌለ ደግሞ ተቆጣጣሪ መጥቶ የሚያየው ነገር የለም። ታካሚዎቹን እየወጋ የሚገድልበትን ዳያሞርፊን፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጠውን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ፣ ግን ያገኝ ነበር። በካንሰር ለሚሠቃዩ ታካሚዎች ከሚያስፈልጋቸው በላይ ያዝና ትርፉን ያስቀራል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ለማያስፈልጋቸው ሰዎች ስም ማዘዣ ይጽፋል፤ ታካሚው ሲሞት ደግሞ «የተረፈውን እኔ አስወግዳለሁ» ብሎ ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ የመድኃኒት ብልቃጥ ቆጥሮ አያስረክብም።

መድኃኒቱን የሚያዘውም፣ ከፋርማሲ የሚወስደውም፣ የሚወጋውም፣ የተረፈውን አስወገድኩ የሚለውም አንድ ሰው ከሆነ ቁጥጥር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። በሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ሁለት ነርሶች አብረው ቆመው ቆጥረው የሚፈርሙት ለዚህ ነው፤ አሠራሩ ሲሰለቸን የምናማርር ብንሆንም። በሰው ቤት ሳሎን ውስጥ ግን ሁለተኛ ፈራሚ የለም።

ባሻ

ቤተሰቦቹስ? 215 ቤት ሐዘን ሲገባ አንድ ሰው እንኳ «ትላንት ደኅና የነበሩ እናቴ ዛሬ ምን ነካቸው» ብሎ አልጠየቀም ማለት ነው?

መርማሪ አንባቢ

ባሻ፣ የጠየቁ ነበሩ፤ መልሱን የሚሰጣቸው ግን ያው ሐኪሙ ነበር። ሟቾቹ አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ የተገኙት አልጋ ላይ ሳይሆን የቀን ልብሳቸውን እንደለበሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ነው። ሺፕማን አንዳንዴ ሲሞቱ እዚያው እንደነበረ ይናገራል፤ ለአንድ የቤተሰብ ሐኪም ይህ ስንት ጊዜ ሊገጥመው እንደሚችል ማንም አላሰበም። ለልጆቻቸው «ልባቸው ደክሞ ነበር»፣ «እርጅና ነው»፣ «አስከሬን ማስመርመር አያስፈልግም፣ ለምን ይንገላታሉ» ይላቸው ነበር።

አንድ ዘዴው በተለይ ይገርመኛል። ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ፊት ስልክ አንሥቶ አምቡላንስ የጠራ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «አርፈዋል፣ አምቡላንሱ ይቅር» ብሎ የሚሰርዝ ይመስላል። በኋላ መርማሪዎች የስልክ መዝገቡን ሲያወጡ በዚያ ሰዓት ከዚያ ቤት የተደወለ ጥሪ አልተገኘም። እዚያ የቆሙት ሰዎች ያዩት ሊያድናቸው የሚጣደፍ ሐኪም ነበር።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ

መርማሪ አንባቢ ስግብግብነት ስላሉት ነገር የምጨምረው አለኝ፤ የኑዛዜው ጉዳይ በዝርዝር መነገር ያለበት ይመስለኛል።

ካትሊን ግረንዲ የ81 ዓመት አዛውንት፣ የሃይድ ነዋሪ፣ በዕድሜያቸው ይህ ነው የማይባል ብርታት የነበራቸው ሴት ነበሩ። ጁን 24 ቀን 1998 ለአረጋውያን ምሳ በሚቀርብበት ክበብ እንደወትሯቸው ለማገዝ ሳይመጡ ሲቀሩ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሄደው ልብሳቸውን እንደለበሱ ሶፋ ላይ አርፈው አገኟቸው። በዚያን ዕለት ጠዋት ሺፕማን ደም ለመቅዳት በሚል ቤታቸው ሄዶ ነበር። በሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የጻፈው ምክንያት «እርጅና» የሚል ነው።

በዚያው ሰሞን በአካባቢው ለሚገኝ አንድ የሕግ ቢሮ ኑዛዜ በፖስታ ደረሰው። ሟች ቤታቸውንና ገንዘባቸውን፣ ባጠቃላይ 386,000 ፓውንድ ገደማ የሚያወጣ ንብረት፣ ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ነቅለው ለሐኪማቸው አውርሰዋል ይላል። ሺፕማን እዚህ ላይ የማይሆን ሰው ነካ። የሟች ልጅ ራሷ ጠበቃ ናት፤ የእናቷን የሕግ ጉዳዮች የምታስፈጽመውም የቀደመውን ኑዛዜ የምታውቀውም እሷ ነበረች። የተዝረከረከውን የታይፕ ጽሑፍ ገና ስታየው እናቷ እንዲህ ያለ ወረቀት እንደማይፈርሙ ገባት። ምስክር ተብለው የፈረሙትን ሁለት ሰዎች ፈልጋ አነጋገረች፤ ሁለቱም ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ሐኪሙ ጠርቶ የታጠፈ ወረቀት ላይ ያስፈረማቸው ታካሚዎች ነበሩ። ወደ ፖሊስ የሄደችው ይህን ሁሉ ካጣራች በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በኦገስት 1 ቀን 1998 አስከሬኑ ከመቃብር ወጥቶ ሲመረመር ሞርፊን ተገኘበት። ኑዛዜው የተጻፈበት ብራዘር የተባለው የጽሕፈት መኪና ሺፕማን ክሊኒክ ውስጥ ነበር፤ ሟች አንዳንዴ ይዋሱኝ ነበር ብሎ ራሱ አውጥቶ ሰጠ። ወረቀቱ ላይ የራሱ የጣት አሻራ ተገኘ። ሴፕቴምበር 7 ቀን ታሰረ። ሟች የዕፅ ሱሰኛ ነበሩ ለማለት ከሕክምና መዝገባቸው ላይ ማስረጃ አለኝ ብሎ አቀረበ፤ ኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ማስታወሻ በትክክል በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተጻፈ በስውር ይመዘግብ ስለነበር እነዚያ ማስታወሻዎች ከሞታቸው በኋላ የገቡ መሆናቸው ታየ። የሌሎች ሟቾች መዝገብ ሲፈተሽም እንዲሁ ሆነ፤ ሰዎቹ በሞቱበት ዕለት ተጽፎ የወራት ዕድሜ ያለው የልብ ሕመም እንዲመስል ወደኋላ ተመልሶ ቀን የተሰጠው ማስታወሻ ተገኘ። ለፍርድ ቤት ከምስክር ሁሉ የበለጠው ምስክር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሺፕማን የገዛ መዝገቡን ማመን የተወበት ቀን ያ ሳይሆን አይቀርም።

በፕሬስተን ክራውን ፍርድ ቤት ችሎቱ በኦክቶበር 1999 ተጀምሮ ጃንዋሪ 31 ቀን 2000 በ15 ሴቶች ግድያና ኑዛዜ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ዳኛውም ከእስር ፈጽሞ እንዳይወጣ አሳሰቡ። ጠቅላይ የሕክምና ምክር ቤት ስሙን ከመዝገብ የሰረዘው ከዚህ በኋላ ነው። ሺፕማን አንድም ቀን አላመነም። የ58ኛ ዓመት ልደቱ ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 2004፣ በዌክፊልድ እስር ቤት ራሱን ሰቅሎ ተገኘ።

ዝምተኛው

እኔ ግን ኑዛዜውን እንደ ስግብግብነት አላየውም። 23 ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጠንቅቆ የኖረ ሰው ሕፃን እንኳ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀው ኑዛዜ በገዛ ታይፑ ይጽፋል? መያዝ የፈለገ ነው የሚመስለኝ። እናቱ ሲሞቱ ያየውን ትዕይንት ዕድሜውን ሙሉ ሲደጋግም ኖሮ በመጨረሻ ደክሞታል።

መርማሪ አንባቢ

ዝምተኛው፣ ይህን ብዙ ሰዎች ጽፈውታል፤ ታሪክ ሆኖ ሲነገር ደስ ስለሚል ይመስለኛል። የእናቱ አሟሟትና የገዳዩ ዘዴ መመሳሰሉ አይካድም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር እናቱ ሞርፊን እየተወጋች ስትሞት ያየ ልጅ ስፍር ቁጥር የለውም። ሺፕማን ለፖሊስ ጥያቄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ያለ ሰው ነው፤ አጣሪ ኮሚሽኑም ምክንያቱን ደርሼበታለሁ አላለም። መያዝ ፈልጎ ነው የሚባለውን ደግሞ የታሰረ ዕለት ያደረገው ያፈርሰዋል፤ ተናዘዘ? አልተናዘዘም፤ የሞተችን ሴት ሱሰኛ ናት ብሎ ስሟን አጠፋ። እንደ እኔ እንደ እኔ የሆነው ቀላል ነው፤ 23 ዓመት የጻፈውን ማንም ስላልመረመረው ማንም አይመረምርም ብሎ አመነ። ኑዛዜውም ዝርክርክ የሆነው ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የፈረማቸው ወረቀቶችም ቢመረመሩ ኖሮ ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም።

ቁጥር ወዳዱ

የሙያዬ ነገር ሆኖ የአጣሪ ኮሚሽኑን አኃዞች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ከሁሉም የሚያስደነግጠው አንድ ግራፍ ነው። የሌሎች ሐኪሞች ታካሚዎች የሞቱበት ሰዓት ሲሰፈር መስመሩ ሌሊትም ቀንም ለጥ ያለ ነው፤ ሞት ሰዓት አይመርጥም። የሺፕማን ታካሚዎች መስመር ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ላይ እንደ ተራራ ይወጣል። ከምሳ በኋላ የቤት ለቤት ጉብኝት የሚያደርግበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ይህን ለማየት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የሞት ምስክር ወረቀቶቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማሰባሰብ ብቻ ነበር፤ ይህን ያደረገ ግን ማንም አልነበረም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በኋላ ሲያሰሉት፣ የእያንዳንዱ ሐኪም ታካሚዎች ሞት ከሚጠበቀው ጋር እየተነጻጸረ በየጊዜው ቢታይ ኖሮ የሺፕማን ቁጥር በ1980ዎቹ አጋማሽ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ነበር። ይህ ማለት ከመቶ ሃምሳ በላይ ሰው በሕይወት ይቆይ ነበር እንደማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ያው ስሌት በሌሎች ሐኪሞች ላይ ሲሞከር ከሺፕማን የባሰ ቁጥር ያለው ሐኪም ተገኝቷል። ሲጣራ ሰውየው ጡረተኞች በሚበዙበት አካባቢ የሚሠራ፣ ታካሚዎቹ ሆስፒታል ከመሞት ይልቅ በቤታቸው እንዲያርፉ የሚተጋ ደግ ሐኪም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቁጥር «ሂድና ጠይቅ» ይላል እንጂ «ያዘው» አይልም።

የማንቸስተሯ

እኔ የምኖረው ከሃይድ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው፤ እዚህ ያሉ ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ዛሬም ወሬ ይቀይራሉ። ቁጥር ወዳዱ «ማንም አላደረገም» ያሉትን ግን በከፊል ነው የምቀበለው። ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ሥልጣን የሌላቸው ሆነው ነው እንጂ።

በመጀመሪያ ያዩት ቀብር አስፈጻሚዎች ናቸው። በሃይድ የሚገኝ የቤተሰብ ቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ባለቤቶች የሺፕማን ሟቾች መብዛታቸው፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል አረጋውያን ሴቶች መሆናቸው፣ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው መገኘታቸው አላምር አላቸው። አባትየው ሺፕማንን ፊት ለፊት ጠይቀውት ነበር፤ የሞት መዝገቤ ክፍት ነው፣ ማየት የፈለገ ይይ ብሎ በእርጋታ መለሰላቸው። አንድ የታክሲ ሹፌርም ዘወትር የሚያመላልሳቸው አሮጊቶች አንድ በአንድ ሲሞቱና ሁሉም የአንድ ሐኪም ታካሚዎች ሲሆኑ ስማቸውን መዝግቦ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ታክሲ ነጂ ሐኪምን ከስሶ ማን ያምነዋል?

ሦስተኛዋ ዶክተር ሊንዳ ሬይኖልድስ ናቸው። እንግሊዝ አገር አስከሬን ለማቃጠል በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ሐኪም ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ለሺፕማን ይፈርሙለት የነበሩት ከመንገዱ ማዶ ያለው ክሊኒክ ሐኪሞች ናቸው። ሬይኖልድስ ወደዚያ ክሊኒክ ከገቡ በኋላ የሺፕማን ታካሚዎች ቁጥር የእነርሱን ሲሶ ያህል ሆኖ ሳለ ሟቾቹ እንደሚበልጡ አስተዋሉ፤ ቀብር አስፈጻሚዎቹም ስጋታቸውን አካፈሏቸው። በማርች 1998 ድንገተኛና አጠራጣሪ ሞትን ለሚያጣራው ባለሥልጣን፣ ለኮሮነሩ፣ አመለከቱ። ፖሊስ ነገሩን በምስጢር ያዘው፤ ጥቂት መዝገቦችን አስመርምሮ ኤፕሪል 17 ቀን ፋይሉን ዘጋ። ሺፕማን የወንጀል ሪከርድ እንዳለው እንኳ አላጣራም፤ ጠቅላይ የሕክምና ምክር ቤትንም አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሴቶች ተገደሉ፤ የመጨረሻዋ ካትሊን ግረንዲ ናቸው። አጣሪ ኮሚሽኑ ለዚያ ምርመራ ልምድ የሌላቸው መኮንኖች መመደባቸውን ነቅፏል። ሬይኖልድስ ኮሚሽኑ ሪፖርቱን ሳያወጣ በ2000 በካንሰር አረፉ።

ባሻ

የማንቸስተሯ እህቴ፣ እነዚያ ለዓመታት የፈረሙለት ሐኪሞችስ? ከእርሱ እኩል አይጠየቁም?

ሲስተር ዘ.

ባሻ፣ እኩል የሚለው ይከብዳል። ያ ሁለተኛ ፊርማ ክፍያ ያለው ሥራ ነበር፤ ሐኪሞቹ በቀልድ «የአመድ ገንዘብ» ይሉት ነበር። ፈራሚው አስከሬኑን በአጭሩ ያያል፣ ከመጀመሪያው ሐኪም ጋር ይነጋገራል፣ ይፈርማል። የሚሰማው ታሪክ በሙሉ ከሺፕማን አፍ የወጣ ነው። ቤተሰቡን እንዲጠይቅ፣ ጎረቤቱን እንዲያነጋግር የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። እኔ የምወቅሰው ፎርሙን ነው፤ ባልደረባህን ካላመንክ እንደሰደብከው የሚያስቆጥር ፎርም ነበር። ሬይኖልድስን የሚያስመሰግናቸው ደግሞ እንደ ስድብ የሚቆጠረውን ይህንኑ ጥርጣሬ ለመናገር መድፈራቸው ነው።

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ

በዚህ ላይ በእንግሊዝ ከሺፕማን በፊት የታየ ነገር ነበር። ጆን ቦድኪን አዳምስ የተባለ የኢስትቦርን ሐኪም የታካሚዎቹ ኑዛዜ ውስጥ ስሙ ተደጋግሞ እየገባ በ1957 በግድያ ተከሶ ነበር። ነጻ ተባለ፤ በማዘዣ ማጭበርበር ግን ተቀጣ፤ ከሐኪሞች መዝገብ ተሰርዞ በ1961 ተመለሰ። አርባ ዓመት የሚሆን ጊዜ ነበራቸው እንግዲህ።

ዝምተኛው

እሺ፣ ስለ እናቱ ያልኩትን አልከራከርበትም፤ ግን ዛሬስ? አንድ የቤተሰብ ሐኪም ዛሬ እዚያው ሃይድ ተመሳሳይ ነገር ቢጀምር ማን ያቆመዋል?

የማንቸስተሯ

ዝምተኛው ወንድሜ፣ ለውጡ እጅግ ዘግይቶ ነው የመጣው። የአደገኛ መድኃኒቶችን ቁጥጥር የሚያጠብቀው ሕግ በ2006 ወጣ፤ ሐኪሞች በየአምስት ዓመቱ ብቃታቸው እየታየ ፈቃዳቸው የሚታደስበት ሥርዓት በ2012 ተጀመረ፤ የአስከሬን ማቃጠያው ሁለተኛ ፊርማም ቀርቷል። ዋናው ነገር ግን ከሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ ኮሮነር የማይሄድ ማንኛውም ሞት ታካሚውን ባላከመ ሌላ ከፍተኛ ሐኪም ሳይመረመር አይመዘገብም። መዝገቡን ያነባል፣ ምስክር ወረቀቱን የጻፈውን ሐኪም ይጠይቃል፣ ቤተሰቡንም ያነጋግራል። ከፍርዱ እስከዚህ ቀን 24 ዓመት አልፏል።

በቅርቡ ከእኛ ማኅበር አንዲት እናት አርፈው ያን የምርመራ ስልክ ከልጃቸው ጋር አብሬ ተቀብያለሁ። ለቀብር የምንጣደፍ ሰዎች ስለሆንን ወረቀቱ መዘግየቱ አበሳጭቶን ነበር፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ዘመድ ከለንደን መንገድ ጀምሯል። የደወለችው ሴት በእርጋታ የሞቱን ምክንያት አስረዳች፤ ከዚያ ስለ ሕክምናቸው ቅር ያላችሁ ወይም ያልገባችሁ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅየው መጀመሪያ የለም አለ፤ ቀጥሎ ግን የመጨረሻው ሳምንት መድኃኒት ለምን እንደተቀየረ እንዳልገባው ነገራትና መዝገቡን ከፍታ እያነበበች መለሰችለት።